በጸበሉ ደጅ የቀረ ጫማ

የኅዳር ጽዮን ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከማርያም ኮረብታ ገና መውረድ ሲጀምር፣ ጸበል ሊቀዱ ቀድመው ወደ አቦ ጨፌ የሄዱ ሴቶች ጩኸታቸውን አቀለጡት። አያ ሃይለ ሚካኤል በጸበሉ ገንዳ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ጫማቸው ግን እንደ ማንኛውም ጸበልተኛ ጫማ ከአጥሩ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ሊጠመቁ ገብተው አዳለጣቸው። ምነው ወሬው በዚያ በቀረ! ሬሳው ወጥቶ ሲገላበጥ ከኮታቸው ኪስ ፌስታል ወደቀ። በውስጡ የተገመጠ ዳቦና ግማሹ ያለቀ የኪኒን ቅጠል አለ። በጾም ቀን፣ ያውም በጽዮን ዕለት፣ ከቅዳሴ በፊት እህል የቀመሰ ሰው ጸበል አይገባም። ይህን በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አያ ሃይለ ሚካኤል ደግሞ የጽዋው ማኅበር ሙሴ፣ አለቃው ነበሩ። ሊጠመቁ ካልሆነ ታዲያ ምን ሊያደርጉ ገቡ? መልሱን በይፋ የተናገረ የለም፣ ግን ከአፍ ወደ አፍ ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ራሳቸውን አጠፉ ተባለ።

ሰበቡም አልጠፋም። አቦ ጨፌ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ግርጌ የተንጣለለ የወል ሜዳ ነው። ከተማው እየሰፋ የአካባቢውን ማሳ በየዓመቱ ሲበላው ለነዋሪው የቀረው አረንጓዴ ነገር ይኸው ጨፌ ብቻ ነው። ከብቱ እዚያ ይግጣል፣ ሳሩ ከዚያ ይታጨዳል፣ በበጋ ምንጭ ሁሉ ሲደርቅ ውኃው ከዚያ ይቀዳል። እሱም ለአንድ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ተሰጥቷል፤ ማሽኑ ሰኞ ይገባል ተብሏል። ነዋሪው ጨፌው አይታረስም፣ ቤትም አይሠራበትም ብሎ ኮሚቴ ሲያቆም ሰብሳቢው አያ ሃይለ ሚካኤል ነበሩ። ያልሄዱበት ቢሮ፣ ያልለመኑት ሹም የለም። በመጨረሻው ሰሞን ግን ስብሰባ ላይ ዝም ማለት አበዙ። ይባስ ብሎ ከማኅበሩ ጉዳይ አስፈጻሚ ከተስፋው ጋር ሲያወሩ ታዩ። ሸጠውናል የሚል ሐሜት ተነሣ፣ አሁን ደግሞ ሐሜቱ እፍረት ገደላቸው በሚል ተደመደመ። የሰው ምላስ አጥንት የለውም ቢሉኝ አይገርመኝም፤ የዚያን ዕለት ግን አጥንት ይሰብር ነበር።

ልጃቸው ማርያማዊት ቡሬ ታስተምራለች። ለበዓሉ እንዳትቀር፣ የሚነግሯት ነገር እንዳለ አባቷ በስልክ ነግረዋት በጠዋት መኪና ተሳፍራ መጥታለች። የደረሰችው ሬሳ ላይ ነው። ለቅሶዋን እንኳን በቅጡ ሳትጀምር ቄስ ይታገሱ ጠርተዋት፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ፍትሐት ማድረግ እንደማይችሉ አንገታቸውን ደፍተው ነገሯት። ራሱን ያጠፋ ሰው አይፈታም። ቄሱ ክፉ ሰው አይደሉም። እሷ ግን ከዚያ በኋላ እንባዋ ደርቆ ቀረ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሠርክአዲስ ከፍኖተ ሰላም ስትመጣ ማርያማዊት መንገዱ ላይ ጠበቀቻት።

«የገደለው ሰው ካለ ፈልጊው» አለቻት። «ከሌለም ንገሪኝ። አባቴን ያለ ጸሎት አፈር ሊመልሱበት ነው። እኔ ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

ሠርክአዲስ የቋሪት ገበሬ ልጅ ናት፤ ከገበዝ ማርያም ወጥታ ፖሊስ የሆነች፣ ሰው ፊት ፊት ሲያይ እሷ እግር እግር የምታይ ሴት። ባልደረቦቿ በዚህ ይቀልዱባታል። አጽናናሻለሁ፣ አይዞሽ፣ ምናምን አላለቻትም። እስከ ነገ ጠዋት ሬሳው እንዳይቀበር አደርጋለሁ ብቻ ብላ ወደ ጨፌው ወረደች።

ከአጥሩ በር ስትደርስ ቦት ጫማዋን አውልቃ ገባች። ከመንገዱ ጀምሮ ጨፌውን የሸፈነው ጥቁር ጭቃ እዚህ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። በገንዳው ዙሪያ ያለውን ኮቴ ሬሳ ያወጣው ሕዝብ ስላቦካው ከዚያ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ከማጅራታቸው በላይ እብጠት አግኝቷል፤ የገንዳው ድንጋይ መትቷቸው ሊሆን ይችላል፣ ሌላውን የባሕር ዳር ምርመራ ይንገረን ብሏል። የባሕር ዳር ውጤት እስኪመጣ ደግሞ ማን ሬሳ ያቆያል?

ይህን ስታሰላስል ተስፋው ከኋላዋ መጣ። ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ንግግሩ የለሰለሰ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ማኅበሩ በሞቱ ማዘኑን እየተናገረ እስከነጫማው ዘው ብሎ ገባ። ሴቶቹ ተንጫጩበት፤ እዚህ ጫማ አይገባም፣ ምን ዓይነቱ ነው አሉት። እየተጣደፈ ወጣና አወለቀ። ሠርክአዲስ ጎንበስ ብላ ጫማውን አየችው። ከዳር ዳሩ ጥቁር ጭቃ ይዟል። ከጭቃው በላይ፣ ስፌቱ ውስጥ፣ ቀይ አፈር ደርቆበታል።

ከዚያ የሟችን ጫማ አነሣች። ሶሉ ላይ ቀይ አፈር ተጋግሯል። ሌላ ምንም የለም። ሁለቱንም ገልብጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና በላስቲክ ጠቅልላ ያዘች።

ከሟች ጋር መጨረሻ የታየው ጁማ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ ገበያው ዳር ከሚስቱ ከኡምሀኒ ጋር ይኖራል። ጎረቤት በጠዋት ሃይለ ሚካኤል ከቤቱ ሲወጡ ስላየ የአካባቢው ፖሊስ ቀድሞ ይዞታል። ለምን መጡ ሲሉት አልናገርም ብሏል፤ ሰሞኑን ሁሉ በየጠዋቱ ይመጡ እንደነበር ሲነግሩትም ዝም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ለፖሊስ ጥሩ ተጠርጣሪ ነው፤ ድካም ይቀንሳል።

ሠርክአዲስ ገብታ ከፊቱ ተቀመጠች። በትሕትና ብትጠይቀው አልናገርም ያለውን ደገመላት። ይኼኔ ስለ ማርያማዊት ነገረችው፤ ቄሱ ያሉትን፣ ዳቦው ያመጣውን። ጁማ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«ዳቦው የኔ ቤት ዳቦ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሃይሌ ስኳር ነበረበት። ሐኪሙ ኪኒኑን ያለ ምግብ እንዳትውጥ አለው። እሱ ደግሞ የጽዋ ሙሴ ሆኜ በጾም በጠዋት ስበላ ልታይ ነው ብሎ ተሸማቀቀ። ልጁም እንዳትጨነቅ አልነገራትም። እኔ ቤት እየመጣ ዳቦ በሻይ ይበላል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ የተረፈችውን ለመንገድ ይይዛል። ለማንም አልናገርም ብዬ በአላህ ስም ምዬለት ነበር።»

«ታስረውም አልተናገሩም።»

«ለቆመ ሰው የማሉት ቀላል ነው፣ ልጄ። ሰውየው ሲሞት ግን መሐላው ይከብዳል። ለልጁ ስል አፈረስኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ከሱ ቤት ወጥተው ወዴት እንደሄዱ ስትጠይቀው፣ ቀዩ ማሳ ቀጠሮ አለኝ ብሎኛል አላት። ቀዩ ማሳ ከጨፌው በላይ ተዳፋቱ ላይ ያለ፣ ለሃይለ ሚካኤል የቀረ አንድ ይዞታ ነው። ከማን ጋር እንደተቃጠሩ አያውቅም። ዛሬ ልጄ ትመጣለች ብለው ደስ ብሏቸው እንደነበር ግን ያውቃል።

አያ ወንዳወቅ የኮሚቴው ምክትል፣ የሟች የልጅነት ጓደኛ ናቸው። መሬታቸውን ከተማው ሁለቴ ወስዶባቸዋል። የቀሯቸው ጥንድ በሬና አንዲት ላም የሚኖሩት በአቦ ጨፌ ሳር ነው። ቤታቸው ከቀዩ ማሳ በላይ ነው። ሠርክአዲስ ስትደርስ ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸው ቀልቷል፤ ለቅሷቸው የውሸት አልነበረም፣ እሷም እንዲያ አልመሰላትም። በጠዋት የት እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። ለከብቶቹ ከጨፌው ሳር አጭደው፣ በአህያ ጭነው ቤታቸው አምጥተው፣ ከዚያ ዘግይተው ቅዳሴ መድረሳቸውን ተናገሩ።

«ሃይለ ሚካኤል ጨፌውን ሸጧል ይላሉ» አለቻቸው።

«ይላሉ» አሉ። «እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ ግን ንገሪኝ፤ ሰኞ ማሽኑ ሲገባ እነዚህን በሬዎች የት ልውሰዳቸው? ቤቴ ውስጥ ላስገባቸው? እኔ ያለ በሬ ምንድን ነኝ?»

በሬዎቹን አየት አድርጋ ተሰናበተቻቸው። 

ስትመለስ አቻምየለሽ የምትባል ጎረቤት አገኘቻት፤ ወሬ የማያልፋት፣ ግን የማትዋሽ ሴት ናት። ልጇ አሟት ስለነበር ለቅዳሴው እንደዘገየች ነገረቻት። ስለ አያ ወንዳወቅም ሳትጠየቅ አነሣች፤ በጽዮን ዕለት ሳር መጫናቸው ደስ አላላትም፣ ግን ከብት በዓል አያውቅ ብላ ይቅር ብላቸዋለች። ያስከፋት ሌላ ነው።

«እንዴት አደሩ ብላቸው ዝም ብለውኝ አለፉ» አለች። «እኔ ወደ ማርያም ስወጣ፣ እሳቸው አህያዋን እየነዱ ሲወርዱ፣ እዚችው ጠባቧ መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተላልፈን። ሌላ ጊዜ እንዲህ አያደርጉም።»

ሠርክአዲስ ቆመች። ሲወርዱ ነው ያልሽኝ ብላ ደግማ ጠየቀቻት። አዎ፣ ሲወርዱ። ሳሩ በአህያዋ ላይ ተቆልሎ።  መንገዱን ሽቅብ ቁልቁል እያየች ትንሽ ቆየችና ወደ ቀዩ ማሳ ብቻዋን ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን እንደ ድሮው አውጫጭኝ በጨፌው ዋንዛ ሥር ሰበሰቡት። ያየ የሰማውን የሚናገርበት፣ የደበቀ የሚታዘንበት ጉባኤ ነው። ቄስ ይታገሱ መስቀላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ተስፋው ከዳር ቆመ። ጁማን ፖሊስ አመጣው፤ ማርያማዊት ተነሥታ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት፣ ሰው ሁሉ አየ። አያ ወንዳወቅ ከሽማግሌዎቹ መካከል ነበሩ።

ሠርክአዲስ የሟችን ጫማ ከላስቲኩ አውጥታ ሳሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ከዚህ እንጀምር» አለች። «ሁላችሁም ትናንት እዚህ ነበራችሁ። ከመንገዱ እስከ ጸበሉ በር ለመድረስ ይህን ጭቃ ሳይረግጥ የመጣ አለ?»

ሰው ሁሉ ወደ እግሩ አየ። የሁሉም እግር ጥቁር ነበር።

«ይህ ጫማ ግን ቀይ አፈር ብቻ ነው ያለው። አያ ሃይለ ሚካኤል በእግራቸው ወደዚህ አልመጡም። ራሱን የሚያጠፋ ሰው ደግሞ ተሸክሞ የሚያመጣው አይፈልግም።»

 ማርያማዊት ዓይኗን ጨፈነች። ሠርክአዲስ ቀጠለች፤ ቀይ አፈር ያለው በቀዩ ማሳ ብቻ ነው፤ ትናንት ማታ እዚያ ወጥታ በማሳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ደም አግኝታለች። የሞቱት እዚያ ነው። ከዚያ ያመጣቸው ሰው ሊጠመቁ ገብተው አዳለጣቸው እንዲባል ፈልጓል። በኪሳቸው ያለውን ዳቦ ግን አላወቀም። ጁማ ግን ያውቅ ነበር፤ ያበላቸው እሱ ነው። የበላን ሰው ጸበል ገባ ብሎ ማንም እንደማያምን እያወቀ እዚህ አያመጣቸውም። ለምን እንደበሉም ለሕዝቡ ተናገረች፤ በሽታውን፣ ኪኒኑን፣ የጁማን መሐላ። አንዳንዱ ትናንት ያወራውን አስታውሶ አንገቱን ደፋ፤ ይበለው።

«አቶ ተስፋው» አለች ከዚያ። «ያንተም ጫማ ቀይ አፈር ነበረበት።»

ተስፋው ፊቱ ተለዋወጠ። ቀዩ ማሳ ሄዶ እንደነበር አመነ፤ ሲለያዩ ግን በሕይወት ነበሩ አለ።

«አምንሃለሁ» አለችው። «የአያ ሃይለ ሚካኤልን ጫማ ከበሩ ላይ ያወለቀ ሰው፣ የሞተ ሰው ጫማ እንኳን ወደ ጸበሉ ይዞ ለመግባት የፈራ ሰው ነው። አንተ የራስህንም ማውለቅ ረስተህ ሴቶቹ አባረውሃል። የማታውቀውን ልማድ ለሌላ አትጠብቅም። ግን እዚያ ምን ትሠሩ ነበር?»

ተስፋው ወዲያና ወዲህ አየ። መውጫ አልነበረም።

«ማሳውን ሊያሳዩኝ ነው» አለ። «ጨፌውን ተዉልን፣ በምትኩ የኔን ይዞታ ውሰዱ አሉኝ። ደረቅ ነው፣ ለቤት ከጨፌው ይሻላል አሉኝ። ልጃቸው ስትመጣ እሺ ካለች ለሕዝቡ እንደሚነግሩ፣ እስከዚያ እንዳልናገር ለመኑኝ። ከሞቱ በኋላ… ማኅበሩ ጨፌውን ይዟል። ነገር ውስጥ መግባት አልፈለግኩም።»

 ከሽማግሌዎቹ መካከል አያ ወንዳወቅ ቀስ ብለው ተነሡ። ተስፋውን እንጂ ሌላ ማንንም አያዩም።

«የራሱን?» አሉ። «የራሱን ነው ያልከኝ?»

ሠርክአዲስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አያ ወንዳወቅ፣ እርስዎ ሳር አጭደው ወደ ቤት ወሰድኩ ብለውኛል። ቤትዎ ያለው ወደ ላይ ነው። አቻምየለሽ ያገኘችዎት ግን ወደ ታች ሲወርዱ ነው፣ ሳሩ እንደተጫነ። ሳር ከጨፌ ይወጣል እንጂ ተጭኖ ወደ ጨፌ ሲወርድ እኔ አይቼ አላውቅም። ከሳሩ ሥር ምን ነበር?»

መልሱን ሁሉም ቀድሞ ያወቀው መሰለኝ። እሳቸው ግን ራሳቸው ሊናገሩት ፈለጉ።

«ጓደኛዬ ነበር» አሉ። «ሳሬን ጭኜ ሽቅብ ስወጣ ከታች ሆኜ አየሁት። ከዚህ ሰው ጋር ቆሞ እጁን ወደ ጨፌው ዘርግቶ ያሳየዋል። ሐሜቱ እውነት ነው አልኩ። ይኼ ሲሄድ ደርሼ ምን እያሳየኸው ነው አልኩት። ልጄ ሳትመጣ አልናገርም አለኝ። በሬዎቼን ሸጥካቸው አልኩት፣ ዝም አለኝ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት። ሲወድቅ ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ።»

«ጸበሉ ለምን?» አለች ማርያማዊት። በጉባኤው ላይ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ሊጠመቅ ገብቶ ሞተ ቢባል በክብር ይቀበራል ብዬ ነው፣ ልጄ። ፍትሐት እንዳይቀርበት ብዬ።»

ወይ አለመታደል! ሰውየው የጓደኛውን ነፍስ ሊያድን ብሎ ከገደላት በላይ ሊገድላት ምንም አልቀረውም ነበር። እጃቸውን ራሳቸው ለፖሊሱ ዘረጉ። ከሽማግሌዎቹ የሰደባቸው የለም፤ ሁሉም በሬ አለው፣ ሁሉም ሰኞን ይፈራል።

ቄስ ይታገሱ ተነሥተው ፍትሐቱ ዛሬውኑ እንደሚደረግ፣ ሕዝቡም ሟችን ይቅርታ እንዲጠይቅ ተናገሩ። ሰው እየተነሣ፣ ሴቱ ለቅሶውን አሁን ገና እንደ ወጉ እየጀመረ ሳለ፣ ማርያማዊት ወደ ተስፋው ሄደች። ጁማ ተከተላት። ማኅበሩ የአባቷን ቃል አሁንም ይቀበል እንደሆነ ጠየቀችው። እኔ አልወስንም፣ እነግራቸዋለሁ፣ ማሽኑ ግን ለሰኞ ተከራይቷል አላት። እሺ ቢሉ ከአባቷ የሚቀራት መሬት እንደማይኖርም አልደበቀችውም፣ እሱም አልደበቃት።

«ንገራቸው» አለችው። «አባቴ ያለው እንዳለ ነው። አሁን እሱ እንዳሳየህ አሳየኝ፤ ከየት እስከ የት ነበር ያለህ?»

ተያይዘው ወደ ቀዩ ማሳ ወጡ። አያ ወንዳወቅ በዚያን ሰዓት የፖሊስ መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መኪናው ገና አልተነሣም። ላይ፣ ከማሳው ጫፍ፣ ተስፋው እጁን ዘርግቶ የማሳውን የታችኛውን ድንበር ለልጅቷ ሲጠቁማት አዩ። ከታች ሲታይ እጁ ጨፌውን የሚያሳይ ይመስል ነበር። አያ ወንዳወቅ መኪናው ተነሥቶ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ዓይናቸውን ከዚያ እጅ ላይ አላነሡም።